ማክሰኞ የሚያኮርፈው ሞተር

መስከረም 12

ለእህቴ ልጅ፣ ለቀጭኗ መካኒክ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ሳይረጥብ ይድረስሽ። ፈጣሪ እጅሽን ከብረት ይጠብቅልሽ፣ ለአለቃሽም ልብ ይስጠው። እኛ ደህና ነን።

አሁን ወንበርሽን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ አጎትሽ! በገዛ እጄ! እስከ ዛሬ ሲጽፍልሽ የኖረው የማታ ትምህርት ቤቱ መምህር ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ያሳጥራል። ከእንግዲህ አሳጣሪ የለም። ከክፍላችን ጎልማሶች ሁሉ ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ነኝ። መምህሩም "እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም" ብሎኛል፤ ምን ዓይነት ፊት አሳይቶ እንዳለኝ ግን አልጽፍልሽም። ወደቡ ላይ ያለችው ትኬት ቆራጭ "ዱሮም አፍህ አላረፈ፣ አሁን ደግሞ እጅህ ተጨመረበት፤ ማን ሊያስቆምህ ነው?" ትለኛለች። ቅናት ነው።

የላክሽው የስፖንጅ ፍራሽ ደረሰ። እትዬ፣ እናትሽ፣ ስታየው አለቀሰች፤ ቀጥላ ዳሰሰችው፤ ቀጥላ እንደገና አለቀሰች። እንዳልሽውም ላስቲኩን አላነሳንለትም፤ ውሃ ቢረጨው አይጠጣም። እንደምታውቂው እናትሽ በየማክሰኞው ከደሴታችን በጀልባዬ ማዶ ሐኪም ቤት ትሻገራለች፤ ሐኪሙ ሆዷ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ይቀዳላታል። ተቀድቶላት ስትመለስ ከጀልባዋ ፊት ከሰው ጋር ተቀምጣ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ እኔን ትሳደባለች። አንድ ማክሰኞ ካመለጣት ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ስንሄድ ታዲያ ከኋላ፣ ከናፍጣው በርሜል በላይ ባለው የእንጨት ርብራብ ላይ ነበር የምትቀመጠው፤ እንጨቱ አጥንቷን ይወጋት ነበር። አሁን ፍራሹን እዚያው በርሜሉ ላይ አነጠፍኩላት፤ ሞተሩ ቅርብ ስለሆነ ይሞቃታል። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ተንፈላሶ ይህን ሐይቅ የተሻገረ ሚኒስትር እንኳ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሽማግሌው፣ ማለቴ ሞተሩ (እኔ ገና ነኝ)፣ ሰሞኑን አስቸግሮኛል። መሐል ሐይቅ ላይ ድንገት ይጠፋና ከዚያ ወዲያ ለመነሳት አሻፈረኝ ይላል። ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ ይዞራል፣ እህ እህ እህ ይላል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። መካኒክ የእህት ልጅ እያለችኝ የሰው ደጅ አልጠናም። ምን እንደማደርግ ጻፊልኝ። ስልክ እንዳትሞክሪ፤ ምሰሶው ከወደቀ ወዲህ ያቆመው ሰው የለም።

ደግሞ የሚመችሽ ከሆነ አራት ቀለም ያለው እስክሪብቶ ላኪልኝ። ለጸሐፊ አንድ ቀለም አይበቃውም።

የእናትሽ ታናሽ ወንድም፣ ካፒቴኑ


ጥቅምት 3

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ላይ አነበብኩት፤ ብቻዬን ስስቅ አይተው የመርከብ ጥገናው ሰዎች ምን ሆነች አሉ። ጽሑፍዎ ከመምህሩ ጽሑፍ ይበልጣል። እስክሪብቶውን ልኬያለሁ።

ስለ ሞተሩ የምጠይቅዎትን አንድ በአንድ ይመልሱልኝ። አልነሳ ሲልዎት በጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ነጭ ነው፣ ጥቁር ነው ወይስ ጨርሶ የለም? ከበርሜሉ ግርጌ ትንሽ ናፍጣ በብርጭቆ ቀድተው ያሳድሩት፤ ውሃ ካለው ከታች ይለያል። የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ይለውጡ። ከበርሜሉ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ የላላ ማሰሪያ ካለው ያጥብቁት፤ አየር ከሳበ አይነሳም። ሞተሪኖውን በረጅሙ አያስጩኹት፣ ባትሪው ይሞትብዎታል። እዚያ እንደሚደረገው ቤንዚን የነካ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ እንዳያደርጉ፤ ሞተሩን ይሰብረዋል፣ እርስዎንም ያቃጥላል።

እማዬ እንዴት ናት? ደህና ናት ብለው አይለፉኝ። እንዴት ናት?

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 24

ለቀጭኗ መካኒክ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሰውን ሰው እግሩን ያበርታልኝ፣ አንቺንም ከነመፍቻሽ ይባርክሽ። ይህ ሰማያዊ ነው። አረንጓዴውን ለምስጋና፣ ቀዩን ለቁጣ አስቀምጫለሁ።

ደብዳቤሽን ወደቡ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። "ፊልትሮ" ላይ ስደርስ ትንሽ ቆምኩ እንጂ ሌላውን እንደ ውሃ ነው የለቀቅኩት። ትኬት ቆራጯ "እስቲ ድገመው" አለችኝ፤ ደገምኩት። ከዚያም ገመድ ሳቢው ጉልቤው መፍቻ ያቀብለኛል፣ እኔ ደብዳቤሽን በግራ እጄ፣ ቡሎኑን በቀኝ እጄ ይዤ እንደ ቀዶ ሐኪም ሠራሁት።

መልሱ ይኸውልሽ። ጭስ ጨርሶ የለም፤ የሲጋራ ያህል እንኳ የለም። ብርጭቆው ሥር ጠብታ ውሃ ተገኘ። ፊልትሮው እንደ ጭቃ ሆኖ ነበር፣ ለወጥኩት። ማሰሪያዎቹን ጉልቤው እስኪያልበው አጠበቃቸው። ረቡዕ አስነሳሁት፣ በአንድ ንክኪ! ሐሙስም፣ ዓርብም፣ እስከ ሰኞ እየዘፈነ ዋለ። "ሞተር በደብዳቤ የሚጠግን ሰው እኔ የመጀመሪያው ነኝ" ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

ማክሰኞ መሐል ሐይቅ ላይ ጠፋ።

ነገሩ ገብቶኛል፤ ሽማግሌው በእናትሽ ይቀናል። እሷ ፍራሿ ላይ ጋደም ስትል ያኮርፋል፣ እሷ ስትነሳለት ይታረቃል። ጉልቤው "ሁለተኛ ሚስት ያመጣህበት መስሎት ነው" አለኝ፤ እትዬ ከነሕመሟ ሳቀች። በመጨረሻ የናፍጣው ሽታ አስቸገራትና ከነፍራሿ አንስተን ወደ ፊት ወሰድናት። ያኔ ተናድጄ በአዲሱ ጫማዬ አንድ እርግጫ ብሰጠው ተነሳ! እርግጫ በመካኒክነት ትምህርት ውስጥ አለ? ከሌለ ያስገቡት።

እትዬ ያው ናት። ዘግይተን ስለደረስን ሐኪሙ ሊወጣ ሲል አገኘነው፤ ጥቂት ቀዳላት።

ካፒቴኑ


ኅዳር 3

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛልኝ። ቀልዱን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ። ሞተር አይቀናም፤ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ አያውቅም። ሁለት ገጽ ስለ ሞተሩ ጽፈው ስለ እናቴ ሁለት መስመር ነው የሰጡኝ። "ጥቂት ቀዳላት" ማለት ምን ማለት ነው? የቀረው ውሃ የት ሄደ?

ጭስ ከሌለ ናፍጣው ሞተሩ ውስጥ አይደርስም ማለት ነው። ውሃውን አስወግደዋል፣ ፊልትሮውን ለውጠዋል፣ ቱቦውን አጥብቀዋል። የቀረው ከበርሜሉ ናፍጣ የምትስበው ትንሿ ፖምፓ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ላስቲክ ሳይቀደድ አልቀረም። ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፤ አንዴ መሥራቱ አንዴ መጥፋቱ ለዚህ ይመስለኛል። አዲስ ፖምፓ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ሁለት ቡሎን ብቻ ነው፤ ሲገጥሟት ቀስቷ ወደ ሞተሩ እንድታይ ያድርጉ።

እርግጫው ምንም አልሠራም፤ እንደሱ አያስቡ። እባክዎን እማዬ የምትለውን እሷ እንዳለችው ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 30

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለሽ። ፈጣሪ ከብርዱ ይጋርድሽ።

ፖምፓዋ ደረሰች፣ ገጠምኳት፣ ቀስቷም ወደ ሞተሩ ታያለች። እንዳለፈው ከረቡዕ እስከ ሰኞ ሠራ። ዳነ ብዬ ለማንም አላወራሁም ነበር፤ ትንሽ ብቻ ነው ያወራሁት። ማክሰኞ ጠፋ። ነፋሱ መልሶ ወደ ደሴታችን ገፋን፤ ሐኪም ቤት ሳንደርስ ቀረን። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ማክሰኞ ደግሞ ማዶ ስንደርስ ሐኪሙ ሄዷል። ነርሷ "ሳምንት ኑ" አለች። ሞተር ያለው ሌላ ጀልባ ደሴቷ ላይ የለም፤ በመቅዘፊያ እንዳንሄድ በዚህ ወር ነፋስ ታንኳ አይወጣም።

የጠየቅሽኝን ልጻፍልሽ። ሆዷ ተወጥሯል። እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ አላት። "ጫማው ነው የጠበበው፣ ውሃ ነክቶት ይሆናል" አልኳት። "አንተ ሰውዬ፣ ፊደል ስትቆጥር ውሸትህ አብሮ አደገ" አለችኝ። ሌሊት ተቀምጣ ነው የምታድረው፤ ስትጋደም ትንፋሹ አይበቃትም። ጀልባዋ ላይ ግን ፍራሹን ትወደዋለች፤ ትራስ ደራርበንላት ግማሽ ጋደም ትላለች።

ላንቺ ጻፍልኝ ያለችው ይህ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። "ልጄ፣ ፍራሹ ይመቻል። ሌላ ምንም አትላኪ። ለዚህ ሰውዬ ብቻ ሞተሩን ንገሪው።"

እስክሪብቶው አላለቀም። የምፈልገው ነገር የለም። ሌላ ምን ልፍታ? የምፈታውን ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 15

ጋሼ፣

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎት ቆመው ያንብቡት፣ አንብበው ሳይቀመጡ ወደ ጀልባዋ ይሂዱ።

ምንም አይፍቱ። ፍራሹን ያንሱት።

ዛሬ ዘይት ከጣሳ ስቀዳ ነበር። ጣሳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ነው የምንበሳው፤ አንዱ ዘይት ይወጣበታል፣ አንዱ አየር ይገባበታል። ሳላስበው መዳፌ በአየሩ ቀዳዳ ላይ አረፈ። ዘይቱ እየቀጠነ መጥቶ ቆመ። ጣሳው ሙሉ ነው፣ ዘይቱ ግን አይወርድም። እጄን ሳነሳ ወረደ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

የናፍጣዎ በርሜል ክዳን ላይ መርፌ የሚያህል መተንፈሻ ቀዳዳ አለ። ድሮ በርብራቡ እንጨት መሐል አየር ያገኝ ነበር። አሁን ላስቲክ የለበሰው ፍራሽ በላዩ አለ፣ በፍራሹ ላይ ደግሞ እማዬ አለች። የእሷ ክብደት ላስቲኩን ቀዳዳው ላይ ይለጥፈዋል። ሞተሩ ጥቂት ይስብና በርሜሉ መተንፈስ ሲያቅተው ናፍጣው ይቆማል። ከሌላው ቀን ለይቶ ማክሰኞ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ስትመለሱ የሚሠራው እሷ ፊት ስለምትቀመጥ ነው። ያን ቀን ያስነሳው እርግጫዎ አይደለም፤ እሷን ከነፍራሿ ማንሳታችሁ ነው።

እርስዎ ነግረውኝ ነበር። "እሷ ጋደም ስትል ያኮርፋል" ብለው ጽፈውልኛል። እኔ ቀልዱን ይተዉት አልኩ። ላስቲኩን እንዳታነሱ ያልኩትም እኔ ነኝ።

እሷን ወደ ፊት ያስተኟት። ለዘለቄታው ክዳኑ ላይ ቀጭን ቱቦ አስበይደው እስከ ጣሪያው ያቁሙት፤ ዝናብ እንዳይገባበት ጫፉን ወደ ታች ይቆልምሙት። ይኼው ነው። ከዚህ በቀር ሞተሩ ምንም አልሆነም።

በፈጣሪ፣ ከማክሰኞ በፊት።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 18

ለእህቴ ልጅ፣

ይህን ደብዳቤ መምህሩ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። እሱ ያሳጥራል።

ልጄ፣ ብቻሽን ከሆንሽ ሰው ጥሪና አንብቢው።

ከኅዳሩ ደብዳቤዬ ወዲህ ሁለት ማክሰኞ ማዶ ሳንደርስ ቀርተን፣ በሦስተኛው ማክሰኞ በጠዋት ተነሳን። እትዬ መራመድ ስላቃታት ጉልቤው አዝሏት ወረደ። ፍራሿ ላይ አስተኝተን በትራስ ደገፍናት። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። "ዛሬ ታርቃችኋል" አልኳት። መሐል ሐይቅ ላይ ስንደርስ ጠፋ። ነፋስ ነበር። ሞተሪኖውን ባትሪው እስኪሞት አዞርኩት፤ አታስጩኸው ያልሽውን አልረሳሁም፣ ግን አዞርኩት። ከዚያ የእጅ ማዞሪያውን ብረት ይዤ መዳፌ እስኪላጥ አዞርኩ። ተሳፋሪው ሁሉ በሳንቃም በእጁም ይቀዝፋል። ማዶው አይቀርብም።

ሞተሩን እሰድበው ነበር። እንዴት አድርጌ እንደሰደብኩት አይጻፍም። እትዬ "ተወው፣ አትስደበው። ሽማግሌ ነው" አለችኝ። ከት ብዬ ሳቅኩ። ስቄ ዞር ስል ዓይኗ ወደ እኔ ነው፤ እሷ ግን የለችም።

እኔና ጉልቤው ተነሳን። ውሃ እንዳይረጫት ብለን ከነፍራሿ አንስተን ወደ ፊት ወሰድናት፤ ነጠላ አለበስናት። ተመልሼ ማዞሪያውን ለምን እንደያዝኩ አላውቅም፤ እጄ ያዘው። አንዴ አዞርኩት። ተነሳ።

በአንዴ ተነሳ። ሰው ሁሉ ሞተሩን አየው። ፊታችን ወደ ማዶ ነበር፣ ወደ ሐኪሙ። መሪውን ጠምዝዤ ወደ ቤት መለስኩት። መንገዱን ሁሉ እየዘፈነ መጣ።

ትናንት ቀበርናት። ሰው ብዙ ነበር። እሷ አንቺን እየጠራች ነው የኖረችው፣ አንቺም በአፏ እየተጠራሽ ነው የኖርሽው፤ ይህን ማለቴ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ልጽፈው ፈለግኩ።

ፈጣሪ ያጽናሽ። ፈጣሪ ያጽናን።

አጎትሽ


ጥር 8

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ብቻዬን ነበርኩ፤ በኋላ ሰው መጣ። ስላላሳጠሩት ፈጣሪ ያክብርልኝ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። የእርስዎ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ ታኅሣሥ 15 የጻፍኩት አንድ ደብዳቤ መንገድ ላይ አለ። ሲደርስ አይክፈቱት፤ ይቅደዱት። ስለ ሞተሩ ነው፣ የጻፍኩትም ስህተት ነው። ከዚህ ሆኜ ምን አይቼ አውቃለሁ? ሞተሩ አርጅቷል፤ ያለው ነገር ይኼው ነው። ያረጀ ሞተር የሚጠፋበትን ቀን ማንም አያውቅም፤ የማንም ጥፋት አይደለም። የእርስዎ አይደለም። ሰምተውኛል ጋሼ? የእርስዎ አይደለም።

ከፍተውት ከሆነም እባክዎን ከፍቻለሁ ብለው አይጻፉልኝ።

መዳፍዎ ዳነ ወይ?

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 2

ለእህቴ ልጅ፣ ለመካኒኳ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ እንቅልፍም ይስጥሽ። መዳፌ ድኗል። ብዕር ስይዝ ትንሽ ይቆጠቁጠኛል እንጂ ደህና ነው።

ይቅደዱት ያልሽው ደብዳቤ ከጥር 8ቱ ደብዳቤሽ ቀድሞ ደርሶ ነበር። እንዳታስቢ። ከፖስታ ቤት ተቀብዬ ጀልባዋ ላይ ስከፍተው ማዕበል መጣና ረጨው። ቀለሙ ሁሉ ፈሰሰ። አንድ ቃል አላነበብኩም። ወደቡ ላይ ሰው ተሰብስቦ "አንብብልን እንጂ" ሲለኝ "ማንበብ አልቻልኩም" አልኩ። ትኬት ቆራጯ "ያ ሁሉ ጉራ የት ሄደ?" አለች፤ ሳቁብኝ። መምህሩም ሰምቶ ወደ ክፍል እንድመለስ መከረኝ። ይሳቁ። ያነበብኩትን አላነበብኩም ብዬ አላውቅም፤ ይህን ግን አላነበብኩትም።

ስለ ሞተሩ። ሽማግሌው አርጅቷል ያልሽው ልክ ነው። ቢሆንም አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳስብ ከራሴ ጭንቅላት አንድ ብልሃት መጣልኝ። በርሜሉ ክዳን ላይ ቀጭን ቱቦ አስበየድኩ፣ እስከ ጣሪያው አቆምኩት፣ ዝናብ እንዳይገባበትም ጫፉን ወደ ታች ቆለመምኩት። ማንም አልነገረኝም። የራሴ ፈጠራ ነው። ጉልቤው "ይህን ከየት አመጣኸው?" ሲለኝ "ከዚህ" ብዬ ግንባሬን አሳየሁት። አንቺም የጠየቀሽ ሰው ካለ እንዲህ ብለሽ ንገሪው፤ አጎቴ ነው ያወቀው በይ።

ፍራሹ እትዬ አልጋ ላይ ነው። ጥሩ ፍራሽ ነው፤ ምንም አልሆነም፣ ምንም አላደረገም። የፈለገችው እሱን ነበር፣ ተመችቷታል፤ "ይመቻል" ያለችው በአፏ ነው፣ እኔ አልጨመርኩም። ማስቀመጫውን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤዬ በገዛ እጄ ጽፌልሻለሁ። ካልጣልሽው ፈልጊና እዪው።

ስትመጪ እኔ አሻግርሻለሁ። ከፊት ትቀመጫለሽ።

ማክሰኞ ማክሰኞ እንደ ድሮው በጠዋት እወርዳለሁ። ማዶ የሚሄድ ሰው ባይኖርም አስነሳዋለሁ። በአንድ ንክኪ ይነሳል። ለማንም አላወራሁም።

አጎትሽ